ሱቅ ጠባቂው ልጅና የ21 ዓመቱ ሕግ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። ብዙው ሰው ይህን አዋጅ የሚያስታውሰው በሌላ ነገሩ ነው፤ ይኸውም የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የጠፋው በእርሱ ምክንያት ስለሆነ ነው። ስለ ሻጩና ስለ ወጣቱ የሚናገረው ክፍል ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጎንደርን አልፎ፣ የወገራን ሜዳ አቋርጦ ዳባትና ደባርቅ እስኪደርስ ድረስ ድምፁ እየቀነሰ የሄደ ይመስለናል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት የፈለግነው፣ ይህ ሕግ ደባርቅ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ገብቶ እጁን ሲያነሣ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ስለሚለው ጥያቄ ነው።

ደባርቅን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። ከተማይቱ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ገደል ከመውረዱ በፊት ባለው ብርዳም ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም በእርስዋ ነው፤ ዩኒቨርስቲም አላት። ከጃናሞራ፣ ከበየዳ፣ ከአዲ አርቃይ የሚመጣው ባላገር ጉዳዩን የሚያስፈጽመው፣ ጨውና ሳሙናውን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በዚህች ከተማ ነው። ብርዱ በሚጸናበት አገር መጠጥ እንደ ጋቢ የሚቆጠር ስለሆነ፣ ከጨውና ከሳሙናው ጎን የቢራ ሣጥን ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው። በጠርሙሱ ላይ የሚነበበው «ዳሸን» የሚለው ስም እንኳ ከዚያው ከተራራቸው የተወሰደ ነው።

ታዲያ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ የሚሸጠው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ባለሱቁ አይደለም። ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ነው፤ ግማሹን ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ ግማሹን ቀን ሱቅ ይጠብቃል፤ ሌሊት እዚያው ከዕቃው ጋር ይተኛል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ 15 ዓመት ሞልቶት 18 ያልደረሰውን ግን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ በጥበቃ ሥር እንዲሠራ ይፈቅዳል። እንግዲህ የ17 ዓመት ልጅ ሱቅ ጠባቂ ቢሆን ቀጣሪው በዚህ ብቻ ጥፋተኛ አይባልም። ይሁን እንጂ ይኸው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ ከሚውለው ቢራ አንዲት ጠርሙስ ለራሱ ሊገዛ አይችልም፤ ሕጉ 4 ዓመት ጠብቅ ይለዋል።

እንበልና ቅዳሜ ማታ ሦስት ጎረምሶች ወደ ሱቁ ይገባሉ። ሁሉም በቁመት ከሻጩ ይበልጣሉ። «አንተ ልጅ፣ ሁለት ሁለት ጠርሙስ አምጣ» ይላሉ። ልጁ «ጋሼ፣ እስቲ መታወቂያዎን ያሳዩኝ» ለማለት ይደፍራልን? በአገራችን ታናሽ ታላቁን «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቁ እንደ ስድብ የሚቆጠር ነገር ነው። ቢደፍርም ጎረምሶቹ ተቈጥተው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳሉ። በማግሥቱ ጌታው ሒሳብ ሲቈጥር «ደንበኞቼን አባረርህብኝ» የሚለው ቍጣ ይጠብቀዋል። ልጁ የሚፈራው የትኛውን ነው? ከአዲስ አበባ የወጣውን አዋጅ ነው ወይስ እራት የሚያበላውን አጎቱን?

ወደ ሕጉ እንመለስ። የወንጀል ሕጋችን መሠረት ያጠፋ ሰው በጥፋቱ ልክ ይጠየቅ የሚል ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን የሰጠው፣ ገንዘቡንም የተቀበለው ልጅ የመጀመሪያው ተጠያቂ መሆኑ አይቀርም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከኃላፊነት ነፃ ያደርጋል፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው የተለየ እርምጃ ያዝዛል፤ 15 ዓመት ያለፈውን ግን፣ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኘዋል። ያው ሕግ የሌላውን ሰው ጤና በአልኮል መጠጥ አደጋ ላይ መጣልን ራሱን ችሎ በወንጀል የሚቈጥር ድንጋጌ አለው። «ሕጉን አላውቀውም ነበር» ማለት መከላከያ አይሆንም። «ትልቅ ሰው መስሎኝ ነው የሸጥሁለት» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሕግን አለማወቅ ሳይሆን በነገሩ መሳሳት ስለሆነ፣ ዳኛው ስሕተቱ እውነተኛ መሆኑንና ሻጩ ጥንቃቄ ማድረጉን ሊመረምር ይገባል። እዚህ ላይ ነው መታወቂያ የጠየቀና ያልጠየቀ ሻጭ የሚለያዩት።

ጌታውስ? ሌላውን ሰው ወንጀል እንዲሠራ ያነሣሣ ሰው እንደሚቀጣ ሕጉ በግልጽ ይናገራል። ነገር ግን «ገንዘብ ለያዘ ሁሉ ሽጥ» ብሎ የሚያዝዝ ባለሱቅ ትእዛዙን በወረቀት አይጽፍም፤ ምስክሩም የሚተኛው በጌታው ቤት፣ የሚበላውም የጌታውን እንጀራ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ይህ ግን የካሣ ጉዳይ እንጂ የእስራት ጉዳይ አይደለም። በመጨረሻ ጌታውን የሚነካው የንግድ ፈቃዱ ነው። የሚታሸገው በር የእርሱ፣ የሚቀረው ትርፍም የእርሱ ነውና፤ በእኛ አስተያየት የሕጉ እጅ አስቀድሞ መዘርጋት ያለበት ወደዚህ ነው።

ዋናው ችግር ግን ገና አልተነካም፤ ይኸውም የዕድሜ ማስረጃ ነው። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍችና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በመንግሥት መዝገብ መደበኛ ሆኖ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ተወልዶ የተመዘገበ ሕፃን 21 ዓመት የሚሞላው በ2029 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ሱቅ የሚመጣው ወጣት ሁሉ ዕድሜው የሚታወቀው ባብዛኛው በእናቱ ቃል ነው፤ «የዚያ ዓመት በረዶ ገብሱን የመታ ጊዜ ነው የተወለደው» በሚል ዓይነት ቃል። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ የልደት ቀን አለው፤ የልደት ወረቀት የሌለው ሰው የሚያስመዘግበው ቀን ግን ያው ከቤተ ሰቡ የሰማውን ነው። ክርክር የተነሣ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ልጁን ወደ ሐኪም ይልካል፤ የሐኪሙም ግምት የአንድና የሁለት ዓመት ልዩነት ሊኖረው ይችላል። 20 ዓመት የሆነውን ከ21 ዓመቱ መለየት ለሐኪም ያስቸገረ ነገር፣ በሻማ ብርሃን ለሚሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ምን ያህል ያስቸግረው ይሆን?

በዚህ ነገር ዳባት አንድ የሚያስገርም ታሪክ አላት። የጎንደር ዩኒቨርስቲ በ1989 ዓ.ም. የሕዝብና የጤና ምርምር ጣቢያ በዚያ ከፍቶ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ የተወለደውንና የሞተውን ሲመዘግብ ኖሯል። መንግሥት በመላ አገሪቱ መመዝገብ ከመጀመሩ ወደ 20 ዓመት ያህል አስቀድሞ ማለት ነው። መዝገቡ ለምርምር እንጂ ለሱቅ በር የተዘጋጀ ባይሆንም፣ በዚያ ደጋ ላይ የልጆችን ልደት ጽፎ መያዝ የሚቻል መሆኑን በተግባር አሳይቷል።

ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ገዢው ለራሱ ያልገዛ እንደሆነስ? የስምንት ዓመት ልጅ ጠርሙስ ይዛ መጥታ «አባባ አረቄ ቅዳላት ብሎሃል» ብትል፣ አባትየውም ከመንገዱ ማዶ ተቀምጦ የሚታይ ቢሆን፣ ሻጩ እምቢ ይላልን? ልጅ መላክ የቤታችን ሥርዓት ነው፤ ማንም ክፉ አስቦ አያደርገውም። ሕጉ የሚያየው ግን ጠርሙሱን የተቀበለውን እጅ ነው። ይህን ለሻጩ ብቻ ትቶ ማለፍ አይገባም፤ አባቶች ራሳቸው እግራቸውን አንሥተው ሱቅ ድረስ ቢሄዱ ጤናም ይሆናቸዋል።

ስለ ቤት መጠጥ ብዙ አንልም። ወገራና ስሜን በገብስ በሚጠመቀው ኮረፌ የታወቀ ነው፤ ጠላና አረቄ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችም ብዙ ናቸው። የሱቁን ጠርሙስ በሕግ አስሮ የጠላ ቤቱን ጣሳ ክፍት መተው፣ ወጣቱን ከአንዱ በር ወደ ሌላው መንዳት እንደሚሆን ግን እናውቃለን። እነዚህን እናቶች በክስ ከመጀመር በምክር መጀመር ይሻላል እንላለን።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት ነው ያልን እንደሆነ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1984 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ሕግ፣ የመግዣውን ዕድሜ 21 ያላደረገ ክፍለ ግዛት ከመንገድ ሥራ ገንዘቡ እንዲቀነስበት ወስኗል። ሁሉም ክፍለ ግዛቶች በዚሁ አድረዋል። በብዙዎቹ ሻጩ ራሱ ይከሰሳል፤ ሱቁም ፈቃዱ ይታገድበታል፤ ፖሊስ ዕድሜው ያልደረሰ ወጣት ልኮ ሻጩን የሚፈትንበትም አሠራር አለ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ አይጥመንም፤ ልጅን ልኮ ልጅን ማስያዝ ይሆናልና። በስዊድን የመንግሥቱ የመጠጥ መደብር ከ20 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም፤ በምግብ ቤት ግን 18 ዓመት የሞላው ተቀምጦ መጠጣት ይችላል።

«በ18 ዓመቱ የሚመርጥ፣ የሚያገባ፣ ወታደር ሊሆን የሚችል ሰው ስለ ምን ቢራ ይከለከላል?» የሚሉ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች አሉ። እኛም ከዚያ ዕድሜ ገና ብዙ ስላልራቅን ጥያቄው ይገባናል። ነገር ግን የዚያን አካባቢ ወጣት ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ መዝለቁ ይታወሳል፤ ከዚያም ወዲህ ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ሥራም ያላገኘ ጎረምሳ ጥቂት አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግሮሰሪ አይዘጋም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሦስት ዓመት ማዘግየት ቀላል ነገር አይደለምና ሕጉን በዕድሜው ምክንያት አንነቅፈውም።

የምንነቅፈው ዱላው በደካማው ትከሻ ላይ ማረፉን ነው። የዞኑና የወረዳዎቹ ጤናና ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ተባብረው፣ መጠጥ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ የክልከላውን ቃል በጉልህ ጽፎ በበሩ ላይ እንዲሰቅል ቢያስገድዱ፣ ልጁ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይኸው ተጽፏል» የሚልበት መጠጊያ ያገኛል፤ እምቢታው የእርሱ ሳይሆን የግድግዳው ይሆናል። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ጨውና ሳሙና ይሽጥ፤ መጠጡን ግን አዋቂ ሰው እንዲሸጥ ባለሱቁ ይገደድ። ይህን ያላደረገ ባለሱቅ ልጁ ለሸጠው ሁሉ እርሱ እንደሸጠው ተቈጥሮ ፈቃዱ ይታገድ። ከሳሽም በልጁ ላይ መዝገብ ከመክፈቱ በፊት «ያዘዘህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን የሰጠው ልጅም በዚያው ሌሊት ከቤት እንዳይባረር የሚያስጠጋው ሰው አስቀድሞ ይፈለግለት።

ማስታወቂያው ከአንድ ገጽ የበለጠ ወረቀት አይፈጅም። ከግርጌው የባለሱቁ ስምና የፈቃዱ ቍጥር ይጻፍበት እንጂ የሱቅ ጠባቂው ስም አይጻፍ። ጽሕፈት ቤቶቹ ይህን ለማድረግ ያሰቡ እንደሆነ፣ የደባርቅ ዩኒቨርስቲ አዲስ ተማሪዎቹን ከመቀበሉ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ከሚገቡት ውስጥ አብዛኞቹ ገና 21 ዓመት ያልሞላቸው ናቸውና።