ሞጁል ብቻውን አያስተምርም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሽንዲ ከተማና በወምበርማ ወረዳ ቀበሌያት ሥራቸውን ሳይለቁ በርቀት የሚማሩ እኅቶችና ወንድሞች አሉን። ቀን ሲያስተምር የሚውለው መምህር፣ በጤና ጣቢያ የምታገለግለው እኅት፣ በቆሎውንና በርበሬውን ሲሰበስብ የሚመሽበት ወጣት ማታ ሞጁላቸውን ይገልጣሉ። በቅዳሴ አብረውን ይቆማሉ፤ በትምህርታቸው ግን ብቻቸውን ናቸው። ይህ ብቸኝነት የእነርሱ ብቻ ሳይሆን የእኛም ጉዳይ ነው እላለሁ።

እንደ እኔ በመደበኛው መርሐ ግብር የምንማር ተማሪዎች ያልገባንን ነገር መምህራችንን ከክፍል ሲወጣ ተከትለን እንጠይቃለን፤ ማታም ጓደኛችን ያስረዳናል። የርቀት ተማሪ ግን ጥያቄውን እስከ ቱቶሪያል ቀን ይዞት ይቆያል። ቱቶሪያሉ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ከሆነ ደግሞ የመንገዱ ሁኔታና የመሳፈሪያው ገንዘብ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ በስልክ የመጠየቁ በርም ተዘግቶ ነበር። ጥያቄ በተነሣበት ሰዓት መልስ ካላገኘ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ ጥያቄው ሲከማች ሞጁሉ ይከደናል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ፣ የርቀት ተማሪውም ጭምር፣ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት ይልቅ ያላለፉት በዝተው ነበር። ስለዚህ አሳይመንት አስረክቦ ውጤት መሰብሰብ ብቻውን አያስመርቅም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናስታውስ። በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ብቻውን ያነብብ ነበር። የንግሥት ህንደኬ ባለ ሥልጣን ሲሆን የሚመራው ሰው ከሌለ ማስተዋል እንደማይችል ለመናገር አላፈረም። ፊልጶስም እስኪጠሩት አልጠበቀም፤ ወደ ሠረገላው ሮጠ፣ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀ፣ ሲለመን ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። ከዚያም ጃንደረባው ከደረሰበት ቃል ጀምሮ አስተማረው። ለሚማር ሰው ትሕትናን፣ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ትጋትን ከዚህ እንማራለን።

ፊልጶስ በጃንደረባው ፈንታ አንብቦ አልሄደም። ዛሬ ግን “ርዳታ” በሚል ስም አሳይመንትን በገንዘብ ሠርቶ መስጠት እየተለመደ ነው። “ደክሞት የሚገባ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ምን ያድርግ?” የሚሉ አሉ። ድካሙ እውነት ነው። ነገር ግን የሌላውን ሥራ በራስ ስም ማቅረብ በሐሰት መመስከር ነው። ያልተማሩትን ተምሬአለሁ ብሎ በሕመምተኛ ወይም በሕፃናት ፊት መቆምም ጉዳቱ ለሌላው ይተርፋል። ልናቀልለት የሚገባን ሸክሙን እንጂ ትምህርቱን አይደለም።

ለዚህ አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤቶች የታወቀችው ጎጃም የአብነት ትምህርት ምድር ናት። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነው፤ ሆኖም የላቀው ታናሹን ያስቀጽላል፣ ያልገባው ከገባው ጋር ያመሻል። የቆሎ ተማሪውን ደግሞ የመንደሩ ሰው ከማዕዱ እያካፈለ አኑሮታል። ዕውቀቱን የመምህሩ ቃል፣ የባልንጀራው ርዳታና የምእመናኑ እጅ በአንድነት አሳደጉት።

የርቀት ትምህርት የምትማሩ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙ በምትፈልጉት የትምህርት መስክና በርቀት ለማስተማር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ተቋም በአንድ መስክ ወይም በመደበኛው መርሐ ግብር ፈቃድ ስላገኘ በሁሉም ያገኘ አይምሰላችሁ። ያልገባችሁን ከነገጹ በደብተር እየጻፋችሁ ለማዕከሉ አስተባባሪ አቅርቡ፤ የከፈላችሁበት መብታችሁ ነውና አትፈሩ። በከተማችን ሒሳብ የሚያስተምር መምህር፣ በመሥሪያ ቤት ያለ የሒሳብ ባለሙያ፣ ያንኑ ኮርስ ቀድሞ የጨረሰ ሰው አይጠፋም። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ “እርዱኝ” ከማለት “ይህቺ አልገባችኝም” ማለት ፈጥኖ መልስ ያስገኛል።

እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላትስ? የስብከተ ወንጌል አባቶችን አስፈቅደን፣ መርሐ ግብር በሌለባቸው ምሽቶች አዳራሻችንን ለጥናት መክፈት እንችላለን። ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የምንመለስ ተማሪዎች ለመዝሙር ጥናት ጊዜ እንደምንሰጥ ሁሉ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ከርቀት ተማሪ ጎን ብንቀመጥ አገልግሎት ነው። የወለደች እኅት እንድታጠና ለሁለት ሰዓት ልጇን የሚይዝላት ሰው ማግኘትም ከገንዘብ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ሠረገላው በደጃችን ያልፋል፤ ውስጡም ብቻውን የሚያነብብ አለ። ሮጦ የሚደርስለት እንዳያጣ ከመጪው እሑድ ጉባኤ በኋላ በመካከላችን በርቀት የሚማረው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚማርም በመጠየቅ እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።