ስለ ኩታበር ምጣድ ጠጋኞችና ስለ ኤሌክትሪክ ትርጓሜ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኩታበር ያቀና ሰው፣ ይልቁንም የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በሚበረታበት ወራት፣ የደጋውን ብርድ እስከ አጥንቱ ድረስ ያውቀዋልና፣ በዚያ አገር እሳት የእንጀራ ብቻ ሳይሆን የኑሮም መሠረት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። ያ እሳት ለብዙ ዘመን ከኩበትና ከባሕር ዛፍ ቅጠል ሲወጣ ኖሯል፤ እናቶቻችንም ዓይናቸውን ለጢስ፣ ትከሻቸውን ለሸክም ሰጥተው አሳልፈዋል። የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት ቤት ግን ምጣዱ በሽቦ መጋል ጀምሯል፤ ለምድጃ ይውል የነበረውም ኩበት ለማሳው የሚተርፍበት ዘመን መጥቷል።

ይህ ምጣድ ሲበላሽ የሚታደገው ምጣድ ጠጋኙ ነው። ከሸክላው ግርጌ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የተጠመጠመውን ሽቦ ሲዘረጋ፣ በጀሶ ሲመርግና የላሜራውን ገበቴ መልሶ ሲገጥም ላየው፣ የእጁ ጥበብ የሚያስመሰግን ነው። እኔም ከልብ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንባብ ቤት የፈጸመ ተማሪ ወደ ትርጓሜ ቤት ሳይገባ ሊቅ እንደማይባል፣ በወሎ ምድርም ቁርኣኑን በቃሉ የያዘ ደረሳ ተፍሲሩን ሳይማር ዓሊም ተብሎ እንደማይጠራ ሁሉ፣ ሽቦ ከሽቦ ማገናኘትን ብቻ የተማረ ሰው የኤሌክትሪክን ንባብ እንጂ ትርጓሜውን ገና አላገኘም። ጥፋቱም የእርሱ አይደለም፤ ማን በቋንቋው አስተማረው?

ትርጓሜው ረጅም አይደለም። ከኩታበር ምድር የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ደሴን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ኃይል የሚሰጠው የከፍታው ልዩነት ነው፤ በኤሌክትሪክ ዘንድ ይህ ልዩነት ቮልት ይባላል። በየቅጽበቱ የሚያልፈው የውኃ ብዛት አምፔርን ይመስላል፤ ውኃውን የሚያውከው የወንዙ ጥበትና የቋጥኙ ብዛት ደግሞ ኦምን ይመስላል። ኦም የተባለው የጀርመን ሊቅ የእነዚህን የሦስቱን ዝምድና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1827 አሳተመ፤ እንግሊዛዊው ጁል ደግሞ በ1841 ገደማ የሽቦው ሙቀት በአምፔሩ ልክ ሳይሆን አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ እንደሚያድግ ገለጠ። ምጣድ ማለት ይህ የጁል ሕግ ሸክላ ለብሶ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከትራንስፎርመሩ በራቀ መንደር፣ ሁሉም በአንድነት በሚጋግርበት ሰዓት፣ ኃይሉ ይደክማል፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ባለቤቲቱ ምጣዱ ሰነፈ ብላ ጠጋኙን ትጠራዋለች፤ እርሱም እንቅፋቱ ቀንሶ አምፔሩ እንዲበዛ ሽቦውን ቆርጦ ያሳጥርላታል። የሽቦው እንቅፋት 14 ኦም ነበር እንበል። መስመሩ 220 ቮልት ሲሰጥ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሙቀቱም 3,450 ዋት ገደማ ይሆናል። መስመሩ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ግን ሙቀቱ ወደ 2,300 ዋት ያሽቆለቁላልና፣ ከሦስት እጅ አንዱ እጅ ጠፋ ማለት ነው። ጠጋኙ የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ ከሽቦው ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ይቆርጣል፤ የቀረውም 9.4 ኦም ገደማ ይሆናል። በዚያች ቀን እንጀራው ያምራል፤ ምስጋናውም ይበዛለታል። ሌሊት ጎረቤት ሁሉ ሲተኛና መስመሩ ወደ 220 ቮልት ሲመለስ ግን ያው ምጣድ ከ23 አምፔር በላይ ይስባል፤ ሙቀቱም ከ5,100 ዋት ያልፋል። ለ16 አምፔር የተሠራው ሶኬት ይህን መሸከም አይችልም። ፊውዙ ተቃጥሎ ቤቱን ሊያድን ቢሞክርም፣ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይጠመጠምበታልና ጠባቂው ራሱ ታስሮ ይቀራል። ከግድግዳው ውስጥ የሚነሣው እሳት እንግዲህ ከየት መጣ ተብሎ ሊጠየቅ ነውን?

የላላ ብሎንም እንዲሁ ነው። በስፒናው ውስጥ ግማሽ ኦም የምታህል እንቅፋት ብትገኝ፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ይከማቻል፤ ፕላስቲኩ ሸተተ የምንለው ይህንን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የመሬት መስመሩ ነገር ነው። ምጣዱ ይነዝራል እየተባለ፣ ከእግራቸው ሥር ደረቅ ጣውላ አንጥፈው የሚጋግሩ እናቶች አይቻለሁ፤ መንዘሩንም እንደ ምጣዱ ጠባይ ቆጥረውት እንደ ብርዱና እንደ ዝናቡ በትዕግሥት ተቀብለውታል። ይህ ጠባይ አይደለም። ሽቦው ጀሶውን ጥሶ ላሜራውን ሲነካ፣ ኃይሉ የሚሸሽበት የመሬት ሽቦ ከሌለ፣ መንገዱን በሰው ገላ በኩል ያደርጋል፤ እርጥብ የጭቃ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ደግሞ የተመቸ መንገድ ይሆንለታል። ልብን ለማወክ የአንድ አምፔር ሦስት መቶኛ ሊበቃ ይችላል፤ ምጣዱ የሚስበው ከዚህ ከአምስት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ሦስተኛውን ሽቦ ትርፍ ነው ብሎ ቆርጦ የሚጥል ጠጋኝ፣ ምን እንደ ቆረጠ ቢነገረው ኖሮ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ እኔ የምለምነው ጠጋኞቹ እንዲቀጡ ወይም ሥራቸው እንዲዘጋ አይደለም፤ እነርሱን ብናጣ ምጣዱን ከነጭራሹ በማያውቀው ሰው እጅ እንጥለዋለን። በደሴ የወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ በኮምቦልቻም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። መምህራኑ ጠጋኞቹ ወደ እነርሱ እስኪወርዱ ሳይጠብቁ፣ ገበያ በማይውልበት ቀን ወደ ኩታበር ወጥተው፣ ትርጓሜውን በአማርኛ፣ በምጣዱ በራሱ ላይ ቢያስተምሩ ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። ጠጋኙ በኪሱ የሚይዘው ቴስተር ኃይሉ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግረውምና፣ ቮልቱንና ኦሙን የሚለካ መሣሪያም በእጁ ሊገባ ይገባል። ኃይሉ የደከመበት መንደር ችግር በመስመሩና በትራንስፎርመሩ እንጂ ሽቦ በመቁረጥ አይፈታም፤ ይህንንም ለመብራት ኃይል ለክቶና በቁጥር አስደግፎ የሚያመለክት ከጠጋኙ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውንና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ ይህ ሕዝብ ከጉሮሮው ነጥቆ ሠርቶታልና፣ የኃይሉ መጨረሻ በላላ ብሎን ሥር መቃጠል ሊሆን አይገባውም።

ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን ሲደርስም፣ መምህሩ ከሰሌዳው በፊት ጠጋኞቹን ይዞ ወደ አንዲት እናት ማድ ቤት ይግባ፤ የመሬቱን ሽቦ አብረው ይዘርጉ፣ ላሜራውን አብረው ይለኩ፣ ከዚያም ያንን ጣውላ ከእግሯ ሥር ያንሡላት።