ኤጄን አጣድፈውታል ወይስ ያለው አቅም ያ ብቻ ነበር?

ሪያድ ላይ የሆነውን አይታችኋል። ኦገስት 16 ቀን 2025 የ20 ዓመቱ እንግሊዛዊ ሞሰስ ኢታውማ አንጋፋውን ዲሊያን ዋይትን ገና በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ልጁ ከሪንጉ ሳይወርድ "አሁኑኑ ከኡሲክ ጋር ይግጠም" የሚለው ወሬ ተጀመረ። ያኔ 13 ጊዜ ገጥሞ 13ቱንም አሸንፎ ነበር፣ ታዲያ ምን ይጠበቃል? ነው ነገሩ።

እኛ ግን ይህን ስንሰማ ሌላ ሰው ትዝ አለን። እሱም ዋይትን ዘርሮ ነበር። ለእሱም "ምን ይጠበቃል?" ተብሎለት ነበር። አንቶኒ ጆሹዋ ወይም ኤጄ።

ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁንን እንነጋገር። ኤጄ ያለ ጊዜው ተጣድፎ ነው የተበላሸው? (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

🥊 መንገዱን እንየው

ኤጄ ቦክስ የጀመረው በ18 ዓመቱ ነው። ይህን ያዙልን፣ ኋላ እንመለስበታለን። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ፍጻሜውን ከጣሊያናዊው ካማሬሌ ጋር በነጥብ እኩል ወጥተው፣ በተጨማሪ ቆጠራ ነው ያሸነፈው። በኦክቶበር 2013 ፕሮፌሽናል ሆነ። በኤፕሪል 2016፣ በ16ኛ ግጥሚያው፣ ቻርልስ ማርቲንን በ2ኛው ዙር ዘርሮ የአይቢኤፍን የከባድ ሚዛን ቀበቶ ወሰደ። በኤፕሪል 2017 ዌምብሌይ ላይ 90 ሺህ ሰው እያየው ቭላድሚር ክሊችኮን በ11ኛው ዙር አስቆመው።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በጁን 2019 ኒውዮርክ ላይ በአንዲ ሩይዝ 4 ጊዜ ወድቆ ተሸነፈ። በዲሴምበር ቀበቶዎቹን ቢያስመልስም በ2021 እና በ2022 በኡሲክ ሁለት ጊዜ ተረታ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ እዚያው ዌምብሌይ ላይ ዳንኤል ዱቧ በ5ኛው ዙር ዘረረው።

🥊 "አጣድፈውታል" የሚሉት ምን ይላሉ?

ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ኤጄ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ወደ ሪንግ ሲወጣ ከኋላው 15 ግጥሚያ ነበረው። ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ ከ3ኛ ዙር አላለፉም። ከ3ኛ ዙር በላይ የሄደው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም በዲሴምበር 2015 ከዋይት ጋር ነበር። ያኔ በ2ኛው ዙር ተመትቶ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይተናል፣ በ7ኛው ግን ጨረሰው።

እንግዲህ አስቡት። ሰውዬው ሲደክም ምን እንደሚያደርግ፣ ሲመታ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ተጋጣሚው አልወድቅ ሲለው እንዴት እንደሚታገስ የተማረበት ቦታ የለም። ተጋጣሚዎቹ ቶሎ ቶሎ እየወደቁ ትምህርት ቤቱን ዘጉበት።

🥊 "የለም፣ ልክ ነበሩ" የሚሉትስ?

እነሱም ዝም ብለው አይደለም። ማርቲን ማን ነበር? ታይሰን ፉሪ አይቢኤፍ ካዘዘው ተጋጣሚ ይልቅ የክሊችኮን የመልስ ግጥሚያ ስለመረጠ ቀበቶውን ተቀማ። ማርቲን ያንን ባዶ ቀበቶ ያገኘው ተጋጣሚው ጉልበቱን ተጎድቶ ስላቋረጠ ነው። ከሻምፒዮኖች ሁሉ በቀላሉ የሚደፈር ሻምፒዮን ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ በር ተከፍቶ "ቆይ፣ ገና ነኝ" የሚል ፕሮሞተር የት ይገኛል?

ክሊችኮም ያኔ 41 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ቢጠብቁ ኖሮ ክሊችኮ የለም። ያ ምሽት፣ ያ ስታዲየም፣ ያ ገንዘብ የለም። የቦክሰኛ ዕድሜ አጭር ነው። አንድ ክፉ ቡጢ ሁሉንም ሊያስቀር ይችላል። ባለሙያው ባገኘበት ሰዓት መብላቱ ነውር የለውም።

በዚህ እንስማማለን። ቀበቶውን መውሰዱ ስህተት አልነበረም። ግን ታሪኩ እዚህ አያልቅም።

🥊 ሦስት ምሽት፣ አንድ ስህተት

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሦስቱን ግጥሚያዎች ደግመን አየን። ከክሊችኮ፣ ከሩይዝ እና ከዱቧ ጋር ያደረጋቸውን። የሚገርም ነገር አገኘን።

▪️ 2017፦ በ5ኛው ዙር ክሊችኮን ጣለው። ሊጨርሰው ሲል ጉልበቱን ሁሉ አፈሰሰ። በ6ኛው ዙር ራሱ ወደቀ።

▪️ 2019፦ በ3ኛው ዙር ሩይዝን ጣለው። ሊጨርሰው ተንደርድሮ ገባ። እዚያው ዙር ላይ ራሱ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ከዚያ ምሽት አልተመለሰም።

▪️ 2024፦ በ5ኛው ዙር ዱቧን በቀኝ መትቶ አናወጠው። ሊጨርሰው ገባ። ሲገባ የተሰነዘረበት ቡጢ ምሽቱን ዘጋው።

በመሃል 7 ዓመት አለ። በመሃል አሰልጣኝ ቀይሯል፣ ከማክራከን ወደ ጋርሲያ፣ ከጋርሲያ ወደ ዴሪክ ጄምስ፣ ከዚያ ወደ ቤን ዴቪሰን። ስህተቱ ግን ያው ነው። ተጋጣሚ ሲንገዳገድ እጅን ከአገጭ ሳያወርዱ፣ በጎን ዞሮ፣ በትዕግስት መጨረስ።

ይህ ትምህርት የሚገኘው በትንሽ አዳራሽ፣ ስም የሌለው ግን እልኸኛ የሆነ ቦክሰኛ ፊት ነው። 8 ዙር ያንገላታሃል፣ ትሳሳታለህ፣ ትቀጣለህ፣ ብትወድቅም ጋዜጣ አይጽፈውም። ኤጄ ግን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ስህተቱን ሁሉ የሠራው ዓለም እያየው ነው። በስታዲየም መሃል ፊደል መቁጠር ማለት ይኼ ነው።

🥊 ኡሲክም ፈጥኗል እኮ!

አዎ፣ እናውቃለን፣ ይህን የምትሉ አላችሁ። ኡሲክ በ10ኛ ግጥሚያው በክሩዘር ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ15ኛው አራቱንም ቀበቶ ጠቀለለ። ከኤጄ ይፈጥናል። ታዲያ እሱ ለምን አልተበላሸም?

ኡሲክም በዚያው በ2012 ለንደን ላይ ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። ልዩነቱ ከዚያ በፊት ነው። ኡሲክ በአማተርነት ከ300 በላይ ግጥሚያ አድርጓል፣ ኤጄ ወደ 40 ገደማ። አንዱ ፕሮፌሽናል ሲሆን ትምህርቱን ጨርሶ ነው የመጣው። ሌላው በተሰጥኦና በጉልበት ክፍል እየዘለለ ነው የመጣው። በፕሮፌሽናል ግጥሚያ ቁጥር ብቻ ብትለኩት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። በ18 ዓመቱ የጀመረ ሰው ጉዳይ ነው ያዙልን ያልነው።

የባሰም አለ። ሊዮን ስፒንክስ በፌብሩዋሪ 1978፣ ገና በ8ኛ ግጥሚያው፣ መሐመድ አሊን አሸንፎ ዓለምን ጉድ አሰኘ። 7 ወር ቆይቶ ቀበቶውን ለራሱ ለአሊ መለሰ። ከዚያ በኋላ ያንን ቦታ አላገኘውም።

ሩቅ ሳንሄድም በእኛው ሩጫ እናውቀዋለን። ቀነኒሳ በቀለ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው በ2014 ነው፣ በ31 ዓመቱ፣ ትራኩን ጠግቦ። በ37 ዓመቱ በርሊን ላይ 2:01:41 ገባ። መሠረት ሲኖር ዕድሜ ራሱ ይታገሳል።

🥊 የእኛ አስተያየት

ኤጄ ተጣድፏል? አዎ። ግን ብዙዎች በሚሉት ቦታ አይደለም።

ማርቲንን መግጠሙ ልክ ነበር። ክሊችኮን መግጠሙም ልክ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው ብለን እናምናለን። ክሊችኮን ካሸነፈ በኋላ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ትምህርቱ ያለቀ መሰላቸው። በሁለተኛው የሩይዝ ግጥሚያ ከሩቅ እየነካ በጥንቃቄ በነጥብ ሲያሸንፍ አየን፣ "ተማረ" አልን። የተማረው ግን መፍራት ነበር። እንዴት እንደሚጨርስ አልተማረም። ጥንቃቄውን የተወ ዕለት ዱቧ ጠበቀው።

ራሱ ክሊችኮ የተሻለ ምሳሌ ነው። እሱም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ2003 እና በ2004 በዝረራ ተሸንፎ "አለቀለት" ተብሎ ነበር። ከአሰልጣኙ ከኢማኑኤል ስቱዋርድ ጋር ተቀምጦ ቦክሱን ከሥር ሠራው። ከ2006 እስከ 2015 የሚነካው ጠፋ። የዘለሉትን ክፍል ተመልሶ መማር ይቻላል ማለት ነው። ግን አንድ መምህር፣ ጊዜና ትሕትና ይፈልጋል።

ለፍትሕ ያህል ግን አንድ ነገር እንበል። ሁለት ጊዜ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነን፣ ዌምብሌይን የሞላን ሰው "የከሸፈ" ማለት ነውር ነው። ጥያቄያችን ከዚህ በላይ ይሆን ነበር ወይ ነው።

🥊 ወደ ልጁ እንመለስ

ኢታውማ ከኤጄ በተለየ ገና ልጅ ሳለ ነው የጀመረው፣ በ2022 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ነበር። ይህ ጥሩ ነው። ግን ዋይትን እስከዘረረበት ምሽት ድረስ በፕሮፌሽናልነት ከ6ኛ ዙር አልፎ አያውቅም። ሰባተኛው ዙር ምን እንደሚመስል ያኔ አያውቅም ነበር፣ እኛም አናውቅም ነበር።

ቸኩሉ የሚለው ፕሮሞተር ቡጢውን አይቀምሰውም። እኛ ተመልካቾችም አንቀምሰውም። በከባድ ሚዛን አንድ ትርፍ ቡጢ የሚያስከፍለው ቀበቶ ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላት ነው። ዋይትን ሲዘርር ልጁ 20 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ቢጠብቅ 22 ነው፣ ኤጄ የኦሎምፒክ ወርቅ ባጠለቀበት ዕድሜ።

እንዲያው 10 ዙር የሚያስለፋው፣ አልወድቅ የሚል አንድ ግትር ሰው ይፈልጉለት። ኤጄ ያጣው እሱን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ይቆይ ወይስ ይግባ?