ኩሽኔታ ብቻ ቀይሮ መሄድ ይቅር

እዚህ ጎንደርም ሆነ ወደ ዳባትና ደባርቅ ስትወጡ፣ ወፍጮ ቤት ሲቆም የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፦ «ኩሽኔታው ተበላ»። ባለሙያ ይጠራል፣ አሮጌው በመዶሻ ይወጣል፣ አዲሱ በመዶሻ ይገባል፣ ቺንጋው ይወጠራል፣ ወፍጮው ይነሣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ኩሽኔታ እንደገና ይበላል። ጥፋቱም «የዘንድሮ ዕቃ» ላይ ይለጠፋል።

አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ ገበያ ላይ የለም አልልም። ግን ከዕቃው በፊት አሠራራችንን እንጠይቅ።

ኩሽኔታ እንዲሁ አይሞትም፤ የሚገድለው አለ። የዱቄት ብናኝ በተቀደደ ፓራኦሊዮ ገብቶ ከግሪሱ ጋር ይቦካል። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ሻፍቱን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የከፋው ግን ሻፍቱ ራሱ ተበልቶ ኩሽኔታው ውስጥ ብቻውን ሲሾር ነው። ያኔ የምንሰጠውን መድኃኒት ሁላችሁም አይታችኋል፦ ቆርቆሮ መጠቅለል፣ ወይም ሻፍቱን በቡሊኖ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ማሻከር። ኩሽኔታው የሚይዘው የነጥቦቹን ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ጫፎቹ ሲለሰልሱ እዚያው ነን። መፍትሔው ቶርኖ ቤት ነው፤ ብየዳ አስሞልቶ በልኩ ማስተካከል።

መዶሻውም ሌላ ጉድ ነው። ኩሽኔታ ሻፍት ላይ ስታስገቡ የውጭውን ቀለበት ከመታችሁ፣ ምቱ የሚያልፈው በኳሶቹ በኩል ነው፤ መሄጃቸው ላይ ጠባሳ ይተዋሉ። ሥራ ሳይጀምር ታመመ ማለት ነው። በውስጠኛው ቀለበት ልክ የተቆረጠ ቱቦ ግን የትኛውም በያጅ ጓሮ አይጠፋም።

ሱቅ ስትሄዱም «እንዲህ ያለ» አትበሉ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 6308 ከሆነ 08ን በ5 አባዙት፤ 40 ሚሊ ሜትር፣ የሻፍቱ ውፍረት ነው። 6205 ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት ዜድ ካለ በሁለቱም ጎን የብረት ክዳን፣ 2 አር ኤስ ካለ የጎማ ክዳን አለው። ለዱቄት ብናኝ ጎማው ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤስኬኤፍ የሚባለው የስዊድን ኩባንያ በ1907 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ጎተንበርግ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና መሐንዲስ በነበረው በስቬን ቪንግክቪስት ፈጠራ ነው። ፋብሪካው የቆመው ሸክላ አፈር ላይ ስለነበር መሬቱ ሲንቀሳቀስ ሻፍቶቹ ከመስመር ይወጡ፣ ኩሽኔታዎቹም ይሰበሩ ነበር። እሱም ሻፍቱ ትንሽ ቢያዘነብል አብሮ የሚያዘነብል ኩሽኔታ ሠራ። ደምቢያ ዋልካ ላይ ወፍጮ የተከለ ሰው ይህን ታሪክ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ክረምት ያበጠ መሬት በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱን በውሃ ልክ የሚፈትሽ ግን ስንቱ ነው?

የማይፈተሸው ባለሙያው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ኩሽኔታ ደረሰኝ አለው፤ ኮሚቴው ያጸድቃል። ባለሙያው «ሻፍቱን ለካሁ፣ ፑሊዎቹን አስተካከልኩ» ብሎ የግማሽ ቀን ዋጋ ሲጠይቅ ግን «ምን ሠራህና?» ይባላል። ስለዚህ መትቶ ይሄዳል። እኔ አልፈርድበትም።

ዕዳውን የምትከፍለው እህሏን በአህያ፣ አህያ ከሌላት በጀርባዋ ጭና ሌላ ቀበሌ የምትሄደው እናት ናት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ከጎንደር ወደ ላይ ዕቃ መላክም ሌላ ጣጣ ሆኗል። በዚህ ጊዜ አንዱን ኩሽኔታ ሦስቴ መግዛት ቁጠባ አይባልም።

«ሻፍት አስፈትቶ ጎንደር መላክ ወፍጮውን ቀናት ያስቆማል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያስቆማል። ስለዚህ ወፍጮው ደህና ሳለ፣ መንገዱም ክፍት ሳለ፣ ሁለተኛ ሻፍት በልኩ አሠርታችሁ፣ ግሪስ ቀብታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ኮሚቴዎች የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይህን ያስገቡ፤ የባለሙያውንም የግማሽ ቀን ክፍያ አብረው።