የመኪና ነገር፦ አሮጌውን ፒክአፕ ጀምፕ ከማድረጋችን በፊት

ልጆች፣ በሰመር ኦሮራ ሀቫና ጎዳና ላይ የሚደረገውን የድሮ መኪኖች ትርኢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘንድሮ ከሄዳችሁ የ1950ዎቹን ፎርድ ፒክአፕ ፈልጉ። ኮፋኖው ክፍት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ባትሪውን እዩት። ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረው ወፍራም ሽቦ የሚነሳው ከየትኛው ምልክት ነው?

ቤታችሁ በር ላይ በቆመው መኪና ከማይነሱ (−) ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1955 ሞዴል በነበሩት የፎርድ ፒክአፖች ግን ከፕላሱ (+) ነው። ባትሪያቸውም 6 ቮልት ነው፤ የእናንተ 12። (የአገር ቤቱ ፊያት ኤንትሬ ደግሞ 24! አያታችሁን ጠይቁ፤ የኤንትሬ ወሬ አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም።) ፎርድ በ1956 ሞዴል ወደ 12 ቮልት ሲዞር ማይነሱን ሻንሲው ላይ አሰረ። የሚገርመው፣ የዚያው ዘመን ሼቭሮሌ ፒክአፕ 6 ቮልት ሆኖም ብረቱ ላይ የሚታሰረው ማይነሱ ነበር። እንግዲህ በዕድሜው ብቻ መገመት አይቻልም።

ያኔ ይሄ ብዙም አያስቸግርም ነበር። አምፖል ኤሌክትሪኩ በየትኛውም በኩል ቢመጣለት ይበራል። የዛሬ መኪና ግን ዳዮድ አለው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ኦልተርኔተር ውስጥም ይገኛል። ባትሪ ተገላብጦ ሲታሰር በሩ ወለል ብሎ ይከፈትና ከአቅሙ በላይ ከረንት አልፎበት ይቃጠላል።

አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ። የዴንቨር ብርድ ባትሪ ያደክማል፤ ጎረቤት "ጀምፕ ስጡኝ" ሲል ደግሞ እምቢ አንልም። መኪናው አሮጌ ፒክአፕ ከሆነ ግን ኬብሉን ከማውጣታችሁ በፊት ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። እንደለመድነው ጥቁሩን የፒክአፑ ብረት ላይ ካስነከሳችሁት፣ የእናንተን ማይነስ ከእሱ ፕላስ ጋር አገናኛችሁት ማለት ነው። ኦልተርኔተራችሁ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ብልጭታ ካገኘው ይፈነዳል፤ አሲዱ ዓይን ላይ ነው የሚረጨው! ልጆች ራቅ ይበሉ። ባትሪው 6 ቮልት ከሆነ ደግሞ ምልክቱን አስተካክላችሁ ብታስሩትም በ12 ቮልት መኪና አትሞክሩት፤ ለ6 ቮልት የተሠራ ቻርጀር ይፈልግ።

የሽቦውን ቀለምም አትመኑ። ብዙ ባለቤቶች እነዚህን መኪኖች ወደ 12 ቮልት ቀይረዋቸዋል፤ አንዳንዱም ያገኘውን ሽቦ ነው ያሰረበት። መታየት ያለበት ባትሪው ራሱ ላይ ያለው + እና − ነው፤ ቆሻሻ ከሸፈነው ጓንት አድርጋችሁ በጨርቅ ጠረግ አድርጉት።