ሩጫም የቡድን ጨዋታ ነው!

ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ በአርሴናልና በማንቸስተር ሲከራከር ያመሸው የኳስ አፍቃሪ ገና እንቅልፉን አልጠገበም። ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ተኩል ይሆናል። በጅማ መንገድ ሰበታ አካባቢ አንድ አውቶብስ ዳር ይዞ ይቆምና ቱታ በቱታ ላይ የደረቡ ወጣቶች ተራ በተራ ይወርዳሉ። ብዙ ወሬ የለም። ትንሽ ያሟሙቁና በአንድ መስመር ሆነው ይነሳሉ። ፊት ያለው ፍጥነቱን ይይዛል፤ ተከታዩ የፊተኛውን እግር እያየ ይረግጣል። አሰልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ መሪው ወደ ኋላ ይላል፤ ተራውን ሌላው ይረከባል። ተራዬ አይደለም ብሎ የሚደበቅ ካለ ሁሉም ያውቀዋል!

ሩጫ የብቸኛ ሰው ስፖርት የሚመስለው ብዙ ነው። እግር ኳስ 11 ሰው ይፈልጋል፣ ለሩጫ ግን ሁለት እግር ይበቃል ይባላል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ወጣ ብሎ ያየ ሰው ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ይረዳል።

ይህን በቅርብ ካዩት አንዱ ማይክል ክራውሊ ነው። ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ይህ ተመራማሪ ራሱም የማራቶን ሯጭ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለ15 ወራት ከሐበሻ ሯጮች ጋር እየኖረና እየሮጠ ቆይቶ በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። እሱን ከሁሉ በላይ የገረመው የአየሩ ቅጥነት ወይም የምግቡ ዓይነት አልነበረም። የልጆቹ አንድ እምነት ነበር። ለጤና የሚሮጥ ብቻውን ይሩጥ፣ መለወጥ የሚፈልግ ግን ከሰው ጋር መሮጥ አለበት ብለው ያምናሉ። ተደብቆ ብቻውን ልምምድ የሚሠራ ልጅ ብቻውን እንደሚበላ ሰው ይታያል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት አስፋልት ላይም ይሠራል ማለት ነው።

“መለወጥ” የምትለዋ ቃል ደግሞ ቀላል አይደለችም። ሰዓት ማሻሻል ብቻ አይደለችም፤ ኑሮንም ጠባይንም ትጨምራለች። ከገጠር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየ ልጅ በሶውን ተካፍሎ ይጠጣል፣ ጫማ ይዋሳል፣ ሲያመው የሚጠይቀው ያገኛል። ሰዓት ማክበርን፣ መታገስን፣ የጉልበቱን ልክ ማወቅን ከቡድኑ ይማራል። ገና በልምምድ ጓደኛውን ጥሎ ለመጥፋት የሚሽቀዳደም ልጅ አሰልጣኙም ጓደኞቹም ይቆጡታል። እሽቅድምድሙ ለውድድር ቀን ነው!

ቦታዎቹም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ሣሯ ለእግር ይመቻል፣ አየሯ ግን ሳንባ ይፈትናል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራውም እዚያው ነው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ገፈርሳ ግድብ አጠገብ ሆና ዳገትና ቁልቁለቷን ታቀርባለች። ሰበታ ደግሞ ዝቅ ስለምትል ለአስፋልት ፍጥነት ትፈለጋለች። የኳስ አፍቃሪው ሰበታን የሚያውቃት በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባው ክለቧ ይሆናል፤ ሯጩ የሚያውቃት በመንገዷ ነው።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ብቻቸውን አልወጡም። ኃይሌ በኦሜድላ፣ ቀነኒሳ በሙገር ሲሚንቶ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በማረሚያ ቤቶች ክለብ ሮጠዋል። የአቴንሱን የ2004 ኦሊምፒክ ማን ይረሳል? ኃይሌ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ታሞ 10 ሺህ ሜትሩን ገባ። ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው ዞር ዞር እያሉ ያዩት ነበር፤ ታላቃቸው እንዲደርስ ፍጥነቱን ቀነስ አደረጉለት። አልሆነም። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ግን ስለዚያ መዞር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በውድድር ቀን በድንገት አይመጣም፤ ልምምድ ላይ ለዓመታት ተራ በተራ ሲመሩ የተማሩት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም አይሳካለትም። ጠዋት ጠዋት ከሚሮጡት ውስጥ ማናጀር አግኝቶ ውጭ የሚወዳደረው ጥቂቱ ነው። ጓደኝነት የቤት ኪራይ አይከፍልም። ክለቦች ልጆቹን በጉዳት ጊዜ ከመጣል ይልቅ ሊያሳክሟቸውና ከሩጫ ውጪ የሚያኖራቸው ሙያ ሊያስይዟቸው ይገባል።

ተመልካቹስ? የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲካሄድ 10 ሺህ ያህል ሰው ወጣ፤ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ይሮጣል። ችግሩ ብዙው ሰው ቲሸርቱን ለብሶ በዓመት አንድ ቀን መውጣቱ ነው። በተረፈው ጊዜ ብቻውን ይጀምራል፣ በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ይከናነባል። አራት የሰፈር ልጆች ተቀጣጥረው ቢወጡ ግን አንዱ መተኛት ቢያምረው ሦስቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ክለብ ማለት መጀመሪያ ይኸው ነው፤ ማኅተምና ጽሕፈት ቤት ኋላ ይደርሳል።

ለዚህ ሁሉ ግን መሮጫ መሬት ያስፈልጋል። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ስር ናቸው፤ ግንባታውም በርትቷል። ቤትም ፋብሪካም ይሠራ፣ የሚጠላው የለም። ነገር ግን ሣሩ ሁሉ ከታጠረ፣ አስፋልቱ ዳር ሯጭ ከሲኖትራክ ጋር ከተጋፋ፣ ነገ ልጆቹ የት ይገናኛሉ? ለሯጭ የሚሆን ሜዳና የመንገድ ዳር በፕላን ላይ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። አሽከርካሪውም ጠዋት ፍጥነቱን ይቀንስ።

ሜዳሊያ አንድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። እዚያ ያደረሱት እግሮች ግን ብዙ ናቸው!