ለደጋው ተማሪ ርካሹ ላፕቶፕ ያገለገለው ነው

ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የተመደበላቸው የደላንታዋ ወገል ጤና ወላጆች ከፍራሹና ከብርድ ልብሱ ወጪ ቀጥሎ የሚጠብቃቸው ጥያቄ የላፕቶፕ ነው። ይህን ጥያቄ ዛሬም እንደ ቅንጦት የሚያዩት አሉ። ነገሩ ግን ከቅንጦትነት ከወጣ ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን የሚፈተነው በኮምፒውተር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። መንግሥት ተማሪውን በኮምፒውተር እየፈተነና እያሠለጠነ ነው፤ የኮምፒውተሩ መግዣ ግን የሚወጣው ከወላጅ ኪስ ነው። ኪሱ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ በጣም ሳስቷል። ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር የ200 ዶላር ዕቃ 11,400 ብር ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ያው ዕቃ 26,000 ብር ሆነ፤ የነጋዴው ትርፍና የመጓጓዣው ወጪ ገና ሳይጨመር ነው።

ገንዘቡ ሲያጥር አብዛኛው ቤተሰብ የሚያመራው ሱቅ ውስጥ ካሉት አዲስ ላፕቶፖች ዋጋው ዝቅ ወዳለው ነው። ካርቶኑ አልተከፈተም፤ ፕላስቲኩ ገና አልተላጠም፤ ያገለገለ ገዝቶ ከመጭበርበር ይሻላል ተብሎም ይታሰባል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ለደላንታ፣ ለላስታና ለአካባቢው ደጋ ተማሪ በዚህ ዋጋ የሚገኘው አዲስ ላፕቶፕ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው። ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ሲያገለግል ቆይቶ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የተሠራ፣ ተፈትሾ የተገዛ ላፕቶፕ በዚያው ገንዘብ ወይም ባነሰ ዋጋ የዩኒቨርሲቲውን አራት ዓመት የማድረስ ዕድሉ እጅግ የተሻለ ነው።

ምክንያቱ ያለው ከካርቶኑ ውስጥ ነው። በገበያው የታችኛው እርከን ላይ ከሚታዩት አዲስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሴለሮን በሚባለው የኢንቴል ደካማ ፕሮሰሰር የሚሠሩ ናቸው። ለምሳሌ ኤን4020 የተባለው ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው። ራም የሚባለው የሥራ ሜሞሪያቸው 4 ጊጋባይት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ነገ 8 ላድርገው ቢሉ አይቻልም። ማከማቻቸው ኢኤምኤምሲ የሚባለው፣ ኤስኤስዲ ከሚባለው ፈጣን ማከማቻ በፍጥነትም በአቅምም ዝቅ ያለው ሲሆን 64 ጊጋባይት ይይዛል። ዊንዶውስ 11 በጽሑፍ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መስፈርት 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። እንግዲህ ማሽኑ ከፋብሪካ የወጣው አቅሙ ወለሉ ላይ ሆኖ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዝመናዎች ሲደራረቡ ማከማቻው ይሞላል፤ የስታቲስቲክሱ ኤስፒኤስኤስ ወይም የንድፉ አውቶካድ ሲጫንበት ይንቀራፈፋል፤ በሦስተኛው ዓመት፣ የመመረቂያ ጥናቱ ሊጀመር ሲል፣ ሌላ ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ የተገዛ ርካሽ ዕቃ ርካሽ አልነበረም።

የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች የተሠሩበት ሐሳብ ሌላ ነው። ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲትዩድ 5490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 የሚባሉትን እንውሰድ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ገደማ ለድርጅቶች የተሸጡ ናቸው። ድርጅት በሺህ የሚቆጠር ኮምፒውተር ሲገዛ ሲበላሽ በቶሎ የሚጠገን ይፈልጋል፤ ስለዚህ አምራቹ ከሥር ያለው ክዳን በተራ ካቻቪቴ እንዲከፈት፣ ራሙና ማከማቻው ወጥተው እንዲገቡ አድርጎ ይሠራቸዋል። ቲ480 ከውስጥ አንድ፣ ከኋላው ደግሞ በእጅ ተስቦ የሚወጣ ሌላ ባትሪ አለው፤ የኋላው ሲደክም ጠጋኝ እንኳ ሳያስፈልግ ይቀየራል። ወገል ጤና ላለ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መለዋወጫና የጠለቀ ጥገና የሚገኘው ደሴ ወይም ወልድያ ነው፤ ደሴ ለመድረስ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ያስፈልጋል። ራሙ የተበየደ ላፕቶፕ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የሚሰማው መልስ «አይሠራም» የሚል ነው።

ከደጋው ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ፤ ሻጭ ሲያነሣው አይሰማም። የድሮው ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ የሚያነብበት ራስ ከዲስኩ ገጽ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች ሀርድ ዲስኩ የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ብለው ይወስናሉ። የደላንታ አምባ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ድንበሩን ያለፈ ዲስክ ሁሉ በማግስቱ ይሞታል ማለቴ አይደለም፤ ግን በስስ አየር ላይ የጠጠር መንገድ ንቅናቄና ድንገት የሚጠፋ መብራት ሲጨመርበት የአራት ዓመት ሥራ በተሽከርካሪ ዲስክ ላይ ማኖር ልክ አይደለም። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ከፍታውም መንገዱም አያስጨንቀውም። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከስክሪን ስፋትም ከፕሮሰሰር ስምም በፊት ኤስኤስዲ ይቅደም እላለሁ።

ያገለገለ ግዙ ስል ያገለገለ ሁሉ እኩል ነው ማለቴም አይደለም። እንዲያውም ዘንድሮ ያገለገለ ላፕቶፕ ገበያ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለግል ተጠቃሚዎች የተፈቀደው ተጨማሪ የደኅንነት ዝመናም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ጀምሮ ያሉትን ነው። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በዚህ ምክንያት ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ከአገልግሎት ሊወጡ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። እነዚያ ኮምፒውተሮች ቆሻሻ ላይ ብቻ አይጣሉም፤ ገዢ ወዳለበት ይጓዛሉ። ከሚጓዙበትም አንዱ የእኛ ገበያ ነው። ስለዚህ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ በሚያጓጓ ዋጋ ሲቀርብ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

ገዢ የሚታለለው በተለጠፈችው ምልክት ነው። «ኮር አይ 7 ነው» ሲባል ጥያቄው ያበቃል፤ ዋናው ቁጥር ግን ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ነው። አይ 7-2620ኤም ማለት 2ኛ ጀነሬሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ባለ ሁለት ኮር። አይ 5-8250ዩ ደግሞ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ባለ አራት ኮር ነው። በስሙ ትንሽ የሚመስለው ከትልቁ ይበልጣል፤ ኤሌክትሪክም የሚፈጀው ያነሰ ነው። ይህን ቁጥር ለማየት ሻጩን ማመን አያስፈልግም፤ ማሽኑን አስነሥቶ የሲስተሙን መረጃ መክፈት ይበቃል።

«ኢንተርኔት የማይጠቀም ተማሪ ዝመና ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ተማሪዎቻችን ሞጁልና አሳይንመንት የሚለዋወጡት በፍላሽ ነው፤ ቫይረስም የሚዛመተው በዚያው ፍላሽ ነው። ያልታደሰ ማሽን ኢንተርኔት ባያይም ይበከላል። ዋጋው የግድ ወደ አሮጌው ማሽን የሚገፋው ተማሪ ካለ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ቢጭንበት ይሻለዋል፤ ሊብሬ ኦፊስ ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ነገር ግን የትምህርት ክፍሉ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጠይቀው ተማሪና በቅርቡ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው የሌለው ተማሪ በዚህ መንገድ ባይሄዱ እመርጣለሁ።

ከውጭ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ክሮምቡክም አለ። አሜሪካ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚማር ልጅ ጥሩ ዕቃ ነው፤ አብዛኛው ሥራው ግን በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊት በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ላሊበላና አካባቢው ለወራት ያለ መብራት ኖረዋል። ይህን ያየ አካባቢ ለልጆቹ የሚመርጠው ማሽን መጻሕፍቱን፣ ፕሮግራሞቹንና ሥራውን በሆዱ ይዞ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ መሆን አለበት። ዘመድ ዶላሩን ቢልክ፣ ወይም ከላይ ከጠራኋቸው ዓይነት አንዱን ቢልክ ልፋቱ ፍሬ ያፈራል።

ጠንካራው ተቃውሞ የዋስትና ነው። አዲስ ዕቃ ዋስትና አለው፣ ያገለገለ የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ያገለገለ ገዝተው የተቃጠሉ ብዙ ናቸው። ግን የዋስትና ወረቀት የሚጠቅመው ወረቀቱን የሚያከብር ሱቅ በሚደረስበት ቦታ ሲኖር ነው። አዲስ አበባ የተገዛ ላፕቶፕ ወገል ጤና ላይ ቢቆም የሱቁ ዋስትና ከትራንስፖርቱና ከሚባክነው ጊዜ ጋር ሲመዘን ብዙ አይቀረውም። የደላንታ ሰው ደግሞ ፈትሾ መግዛትን ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ በዚህ ምድር ድንጋዩን በብርሃን አገላብጦ ስንጥቅ ሳይፈልግ ገንዘብ የሚቆጥር ነጋዴ የለም። ላፕቶፕም ስንጥቁ የሚታይባቸው ቦታዎች አሉት። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። 50 ዋት ሰዓት የነበረው 20 ከሆነ ባትሪው አልቋል፤ የመቀየሪያው ዋጋ ከሂሳቡ ይቀነስ። ሲነሣ ባዮስ ወደሚባለው መነሻ ቅንብር ሲገባ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ይተው። ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የማይታወቅ ድርጅት ስም ጠርቶ የሠራተኛ ኢሜይል ከጠየቀ ማሽኑ ከቀድሞ ባለቤቱ መዝገብ አልወጣም ማለት ነው፤ እሱም ይተው። ኪቦርዱ ፊደል በፊደል ይነካ፤ የቻርጀሩ መሰኪያ ይወዝወዝ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

«ስልክ ይበቃል፣ ዩኒቨርሲቲውም የኮምፒውተር ክፍል አለው» የሚለውን ክርክር በቀላሉ አላልፈውም፤ ብዙ ተማሪ ከዚህ ውጭ ምርጫ ስለሌለው። በስልክ ማንበብ ይቻላል፣ የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍትም በፒዲኤፍ ይገኛሉ። አንደኛ ዓመት በስልክና በዩኒቨርሲቲው ክፍል ሊታለፍ ይችላል፤ አቅም የሌለው ቤተሰብ ተበድሮ በመጀመሪያው ወር ከመግዛት የልጁ የትምህርት ክፍል እስኪታወቅ ቢጠብቅ ተገቢ ነው። የሕግና የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የሚያስፈልጋቸው ማሽን አንድ አይደለምና። ነገር ግን ሠላሳ ገጽ ጥናት በስልክ አይጻፍም። የጋራው ክፍልም ወረፋ አለው፣ ማታ ይዘጋል። ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የነካ የደጋ ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ ጋር እኩል ለመሆን የሚያስፈልገው ነገር የልምምድ ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት በወረፋ አይገኝም።

በጅምላ የመጣ አዲስና ርካሽ ማሽን ምን እንደሚገጥመው አገራችን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ለዓለም የተዋወቀው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ፕሮጀክት በ100 ዶላር ሊሸጥ የታሰበ ነበር፤ ሲመረት ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። በሺህ የሚቆጠሩት ኢትዮጵያም ገብተው ለተማሪዎች ታድለዋል። ማሽኖቹ ለልጆች በብልሃት የተሠሩ ነበሩ፤ በተራ ገበያ መለዋወጫቸው የማይገኝ፣ ሰፈር ያለው ጠጋኝ የማያውቃቸው ግን ነበሩ። ቲ480ንና ላቲትዩድን ደሴ ያለው ጠጋኝ ያውቃቸዋል፤ በብዛት ገብተዋልና ከተበላሸው ስክሪን፣ ከሌላው ቻርጀር ይወሰዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ትልቅ በጀት አያስፈልገውም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአይሲቲ መምህራን አሏቸው። ክረምት ላይ፣ ምደባው እንደተሰማ፣ ላፕቶፕ ሊገዙ ያሰቡ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ቢመዘገቡና አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው አንድ መምህር ይዘው ደሴ ቢወርዱ፣ ሻጩ ለአንድ ብቸኛ ገበሬ የማያደርገውን ለእነሱ ያደርጋል። ዋጋ ይቀንሳል፤ ከሁሉ በላይ ግን ደረሰኙ ላይ «ኮር አይ 5» ከማለት ሙሉውን የፕሮሰሰር ቁጥር፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና የባትሪውን አቅም ጽፎ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተበላሸ ሊቀይር ይፈርማል። 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፤ ራሙ ከመጀመሪያው 8 ይሁን፣ የሜሞሪ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ገበያ እየናረ ስለሆነ በኋላ እጨምራለሁ የሚለው ስሌት እንደ ድሮው አያዋጣም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድርሻ የመምህሩን የውሎ አበልና የመኪናውን ወጪ መሸፈን ይሁን።